ምሰሶ ላይ የወጣው ሰው

የአጎቴ አርባ ትናንት ወጣ። ለቀስተኛው ስለ ደግነታቸው ብዙ ተናገረ፤ እኔ ግን ጋቢያቸው ነው ትዝ የሚለኝ።

በአብዮቱ ዘመን ፒያሳ፣ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። እኔም እዚያው ሊጥ አቦካ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጓሮ በቆመ ትራክተር ዘንግ የሚዞረውን ጄኔሬተር የሚያስነሡት እሳቸው ናቸው። አስቀድመው ጋቢያቸውን አውልቀው ራቅ ካለ ምስማር ላይ ይሰቅላሉ፤ የሚሽከረከር ዘንግ ልብስ ከያዘ ሰውየውንም አይለቅም። ቀጥለው ከመንገድ የሚገባውን የዋናውን መስመር ቫልቮላዎች፣ ፊውዞቹን ማለት ነው፣ ነቅለው ኪሳቸው ይከታሉ። ይህን ካላደረጉ የእኛ ኤሌክትሪክ ወደ መንገዱ ገመድ ተመልሶ፣ እየጠገነ ያለውን ሰው ይገድላል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ፣ የዳቦው ሰልፍ አስፋልት ደርሶ ሳለ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ።

«አባባ፣ ቶሎ ያስነሡት እንጂ! ሰፊው ሕዝብ ዳቦ እየጠበቀ ነው!»

«ይጠብቃ! ምሰሶ ላይ የወጣውስ ሕዝብ አይደለም እንዴ?»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሊቀመንበሩ ተቆጣ። እሳቸው ቫልቮላዎቹን ኪሳቸው ሳይከቱ ሞተር አላስነሡም።

መብራቱ ከመጣ በኋላ ገመዱን ሲጠግን የዋለው ሠራተኛ መሰላሉን ተሸክሞ ዳቦ ሊገዛ ገባ። አጎቴ ትኩስ ትኩሱን መርጠው ሰጡት።

«ጋሼ፣ ይንገሩት እንጂ» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? አልገደልኩህም ብዬ?»

ልጆቼ፣ እውነተኛ ጥንቃቄ አመስጋኝ የለውም።

ዛሬ ዳቦ ቤቱ ገብቼ ነበር፤ ምስማሩ ባዶ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤ ያ ሠራተኛ ለቅሶ አልደረሰም። ማን እንደሞተበት አያውቅም።