ቡሽ የማያስጮኸው ጋሽ አልታዬ

ጠዋት የጋሽ አልታዬ ልጅ ብርቱካን ደውላ "አባዬ አረፈ" ስትለኝ "የማን አባዬ?" አልኳት። እያወቅኩ ነው የጠየቅኳት። የሌላ ሰው ስም እንድትጠራልኝ ፈልጌ ነበር።

ሶዶ ላይ የተዳራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። በሠርግ አዳራሽ ነጭ ፎጣ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሻምፓኝ የሚከፍተው ረጅሙ ሰውዬ፣ ጋሽ አልታዬ።

በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራ ነበር። ያኔ ከፈረንሳይ፣ ስመ ጥር ከሆነ የሻምፓኝ ቤት የመጣ እንግዳ ለአስተናጋጆቹ አከፋፈቱን አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ያንን ቤት የገዛ ዘመዱ አደረገው።

ወይኑ በእጅ እንደሚለቀም፣ ጠርሙሱ ከመሬት በታች ነጭ ድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ ዋሻ ለዓመታት እንደሚተኛ፣ ሠራተኛ እየዞረ በእጁ ትንሽ ትንሽ እንደሚያሽከረክረው ሲያወራ ቀማሽ ነው የሚመስለው። ጴንጤ ነው እኮ፤ ጠብታ ባፉ አልገባም። ስናበሽቀው "አልጠጣውም እንጂ አከብረዋለሁ" ይለናል።

ቡሽ ማስጮህ ግን አይወድም። "ያን ሁሉ ዓመት የተኛን ነገር በጩኸት አትቀስቅሱት" ይል ነበር።

የኔን ሠርግ ያተረፈልኝ ይሄ ጠባዩ ነው።

አባቴ የጉኑኖ ገበሬ፣ የጴንጤ ቤተክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የባሌ ቤተሰቦች ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ያለ ሻምፓኝ ሠርግ የለም አሉ። አባቴ ደግሞ "ያ ነገር ጷ ብሎ ሰው ሲያጨበጭብለት ከሰማሁ ተነስቼ እሄዳለሁ" አለ። እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ሳይመርቀኝ ሊሄድ ነው ብዬ ቬሎዬን እንደለበስኩ እንባዬ መጣ።

ጋሼ አየኝ። ሄዶ አባቴ አጠገብ ቁጭ አለና በወላይትኛ ስለዚያ ዋሻ ያወራው ጀመር። አባቴ ፊቱን አዙሮ ነው የሚሰማው። ቆይቶ፣

"እንደኛ የቆጮ ጉድጓድ ነዋ" አለ።

"እንደሱ ነው ወንድሜ። ቀብረው ይጠብቁታል።"

ከዚያ እዚያው አባቴ ፊት ቡሹን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አዞረው። እስስ አለ፣ በቃ። ከኋላ የተቀመጡት መከፈቱንም አላወቁ።

"አለቀ?" አለ አባቴ።

"አለቀ።"

ለባሌ ወገን ሻምፓኝ፣ ለኛ ለስላሳ ተቀዳ። አባቴ ኬኩ እስኪቆረስ ተቀምጦ፣ እጁን ጭንቅላታችን ላይ ጭኖ መረቀን። ዛሬም ትዳሬን ሳይ ያ እጅ ትዝ ይለኛል።

"ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ እጄን እንደያዘ አንዴ ተነፈሰ፤ አለቀ" አለችኝ ብርቱካን ጠዋት በስልክ። ጋሼን አውቀዋለሁና ገባኝ፤ እንደዚያ ጠርሙስ ያለ ጩኸት ነው የሄደው።

ጋሼ፣ ጩኸት እንደማትወድ አውቃለሁ። አባቴም ሰምቶ ከጉኑኖ እየመጣ ነው። ደጅህ ላይ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናለቅሳለን፤ ዛሬን ብቻ ታገሰን። ከዚያ በኋላ አንቀሰቅስህም። ደህና ተኛ፣ የኔ ጋሼ።