ሦስቱ ገጾች የእኔ ናቸው

ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ልመረቅ አንድ ወር ሲቀረኝ «ኮርጀሻል» ተባልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ለቆጮ ስለሚደረገው የእንሰት ፍቂያ ነበር። አማካሪዬ አንድ የቆየ ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት አምጥቶ ከእኔው ጎን ዘረጋው፤ ሦስት ገጽ ቃል በቃል አንድ ነው። የጸሐፊውን ስም ሳይ ጆሮዬ ጋለ። አውቀዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለጥናት ብሎ ቸሃ እኛ ቤት የመጣ ተማሪ ነው። እናቴ አማርኛ አትችልም። ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ደግሞ ወንድ አይጠጋም፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሰቅለው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ እሱ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኔ ስመላለስ ዋልኩ። ያየሁትንና እናቴ ያለችውን በአማርኛ ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ አወጣለታለሁ፤ እሱ ይገለብጣል። ደብተሩን ግን አልጣልኩትም ነበር፤ ለራሴ ጽሑፍ የተጠቀምኩት እሱን ነው።

ኮሚቴው ሦስት ወንዶች ነበሩ። ሰብሳቢው፣ ይቅርታ ጽፌ ገጾቹን ካወጣሁ እንደምመረቅ፣ እምቢ ካልኩ ዓመቱን እንደምደግም ነገሩኝ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም፣ ልጄ?» አሉ።

«ወርቁ የእኔ ነው» ብዬ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ይሄንንም ከእሱ ገልብጠሽው ቢሆንስ?»

ደሜ ፈላ። መደገም ካለበትም ይደገማል እንጂ የእናቴን ጓሮ ሰረቅሁ ብዬ አልፈርምም። የዚያን ተማሪ ጽሑፍ አነሳሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «አጥኚው ከፋቂዎቹ አጠገብ ተቀምጦ በዓይኑ እንደተመለከተው...» ከዚያ ቀና ብዬ ጠየቅኩ፦ «አባቴ የማይደርስበት ቦታ ይሄ ሰውዬ በየት በኩል ገባ?»

ከዳር የተቀመጡት፣ እዚያው ጉራጌ አረቅጥ ያደጉት መምህር፣ ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። «እውነቷን ነው» አሉ ለሰብሳቢው፤ «እዚያ የተጠጋ ወንድማ በእንሰት መፋቂያው ነው የሚባረረው።»

ክሱ ተሰረዘልኝ። ሰብሳቢው ግን መሸነፍ አልሆነላቸውም፤ «ለማንኛውም ቀድሞ ያስገባው እሱ ነውና በግርጌ ማስታወሻ ጥቀሺው» አሉኝ።

እሺ ብዬ ጠቀስኩት። ጽሑፌ ዛሬም ቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ግርጌው እንዲህ ይላል፦ «እነዚህን ሦስት ገጾች ያየሁትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ቀድሞ ያስገባቸው አጥኚ ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ነበር።»