ፊቴን አትሸፍኚው

ሰርካለም በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሰርግ ቪዲዮ ስትቀርጽ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። አንድ ጥር፣ እንግዳው ሁሉ ዳስ ውስጥ ሲበላ፣ ለጠላው ጋን ሠርተው ያመጡት ሸክላ ሠሪዋ ሐረገ ወይን ከአጥር ውጭ ተቀምጠው ምግቡ እዚያው ሲወጣላቸው አየች። ለምን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። "ቡዳ ናት" የሚባለው በሹክሹክታ ነው።

በሳምንቱ ካሜራዋን ይዛ ቤታቸው ሄደች።

"እትዬ፣ ስለዚህ ነገር ፊልም ልሠራ ነው። ፊትዎን እሸፍነዋለሁ፤ ድምፅዎንም እቀይረዋለሁ።"

ሐረገ ወይን የእጃቸውን ጭቃ ጠረጉ። "ምን ሰርቄ ነው የምሸፈነው? ፊቴም ይታይ፣ ስሜም ይጻፍ።"

አራት ወር ቀረጸቻቸው፤ አፈር ሲቆፍሩ፣ ሸክላ ሲተኩሱ። የልጃቸው እጮኛ ቤተሰብ ዘር ጠይቆ እንዴት እንደቀረ ሲያወሩም፣ "ልጄን ትተው እንስራዬን ገዝተው ሄዱ" አሉ።

ወሬው ሲሰማ ሁለት ሙሽሮች ሰርካለምን ትተው ሌላ ቀራጭ ያዙ። አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅም ተቆጡ።

"ይህ ስም በአደባባይ አይጠራም! ምን ልታመጪብን ነው?"

"አባዬ፣ ቤታችን ያለው ጸበል በማን እንስራ ነው የተቀዳው?"

ሰርካለም ሥራዋን ቀጠለች።

ሰኔ ላይ ፊልሙ በትምህርት ቤት አዳራሽ ታየ። "ቡዳ" የሚለው ቃል ሲጠራ የፊተኛው ረድፍ ተንኮሻኮሸ፤ አንድ ሰው "አጥፉት!" ብሎ ጮኸ፤ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተነሥተው ወጡ። ሰርካለም አላጠፋችም። ሲያልቅ ሐረገ ወይን ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"የምትጠይቁኝ ካለ እዚሁ ነኝ።"

መጀመሪያ የጠየቀችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ "ሰው ሲሸሽዎት ምን ይሰማዎታል?" ከዚያ በኋላ እጅ የሚያነሣው በዛ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተወራ።

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። ፊልሙን ቤት ውስጥ በላፕቶፕ ብቻቸውን አዩት። ከቅዳሴ መልስ በአንድ እሑድ ጎረቤት ሁሉ እያየ ሐረገ ወይን ቤት ገቡ፤ ተቀምጠውም ጠላ ጠጡ። በመንደሩ ያጉረመረመ አልጠፋም። እርሳቸው ግን "ጥሩ ጠላ ነው" ከማለት ሌላ አልመለሱም።

ፊልሙ አሁን አርብ ገበያ ከተማ ላሉ ሰዎች ሊታይ ነው። ሐረገ ወይን ከሰርካለም ጋር ይሄዳሉ፤ አውቶቡሱ ላይ በመስኮት በኩል ቦታ ይዘዋል።