የበረዶ ጎማ በበጋ ቸርኬ

በሰሜን የበረዶ አገር ባለችው በፖልኪቫራ መንደር የበረዶ ጎማ ቀድመው የሚያስገቡት ቄሱ ናቸው። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ገና የዛፉ ቅጠል ሳይረግፍ፣ ባለሚስማሩ ጎማቸው ደረቁን አስፋልት እየቆረጠመ በነዳጅ ማደያው ፊት ያልፋሉ። በማደያው ቡና ቤት፣ መስኮቱ ሥር የተኮለኮሉት ጡረተኞች ስኒያቸውን አስቀምጠው ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ያዳምጣሉ። እሑድ ከመድረክ ላይ «የሰማይ አባታችን ይጠብቀናል» ያለ ሰው ሰኞ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ጎማ ሲቀይር ማየት፣ በዚያ መንደር እምነትን የጎዳውን ያህል ማንም ከሃዲ አልጎዳውም።

ሌላው ወንድ ግን ይጠብቃል። ደንቡ የተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም የሚጥሰው የለም። የበጋው ጎማ በሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ የበረዶው ጎማ በጥቁር የብረት ቸርኬ ላይ እንደተገጠመ በየሰዉ ጎተራ ስለሚቀመጥ፣ ማን እንደቀየረ ለማወቅ ከወንበር መነሳት አያስፈልግም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ብቻ ይበቃል። ቶሎ ጥቁር ቸርኬ ያሳየ ሰው እስከ ፀደይ ድረስ «አባ ቄስ» እየተባለ ይከርማል። መጨረሻ ላይ የቀየረው ደግሞ ስሙ በአንድ አሮጌ የጎማ ክዳን ላይ በሚስማር ይጫርለታል፤ ክዳኑም ከጠረጴዛቸው በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። እስካለፈው ዓመት ድረስ በዚያ ክዳን ላይ በተከታታይ አሥራ አንድ ጊዜ የተጫረው ስም አንድ ነበር፤ ኡርሆ የሚል።

ኡርሆ ሠላሳ ስምንት ዓመት የወተት ቦቴ ነድቷል። ከአንዱ ላም ቤት ወደ ሌላው፣ ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ ብቅ ማለት በሚሰለቻት ወር፣ ሐይቅ ላይ በተጠረገ የግግር በረዶ መንገድ ሳይቀር፣ ሙሉ ቦቴ ይዞ አንድም ቀን ቦይ ውስጥ አልገባም። ሰዉ «እጁ ላይ አንድ ነገር አለ» ይለዋል። እጁ ላይ የነበረው ላብ ነው። ኡርሆ ፈሪ ነበር። እያንዳንዱን ቁልቁለት የሚወርደው እንደመጨረሻው ቆጥሮት ነው፤ ጓንቱንም የሚያደርገው ለብርድ ሳይሆን መዳፉ እንዳይታይበት ነው። ፍርሃቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጦ ፍሬን ሲያስይዘው ኖረ፤ ምስጋናውን ግን የወሰደው እጁ ነው። እንዲህ ያለው የምስጋና አከፋፈል በቦቴ ነጂዎች ዘንድ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ክዳኑን የሚያሸንፍበት ዘዴ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነበር። የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ወገቡን ያመዋል። መኪናው የበጋ ቸርኬውን እንዳደረገ ጎተራ ውስጥ ይቆማል፤ እሱ ምርኩዙን ይዞ በእግሩ ማደያው ድረስ ይመጣል። መንገዱ አሸዋ ከተበተነበትና በረዶው ከተረገጠ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ጥቁር ቸርኬ ሲያደርግ፣ ወገቡ ይሻለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ያሸነፈው ከቦታው ባለመነቃነቅ ነው። ታሪክ ውስጥ የሚገኙ ብዙ ታላላቅ ስሞችም ከዚህ የተለየ ምንጭ ያላቸው አይመስለኝም።

ዘንድሮ ግን ወገብ ማመም የማይቻል ሆነ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጁ ቬንላ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቃ ትማር ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ካንቴሌ የሚሉትን በጭን ላይ የሚደረደር ባለክር መሣሪያ ስለምትለማመድ አውቶቡሱ ያመልጣታል። አባቷ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠራል፤ እናቷ ሳላ፣ የኡርሆ ምራት፣ ቤት ለቤት እየዞረች በሽተኛ የምታይ ነርስ ናት። ስለዚህ ሐሙስ የኡርሆ ሆነች። ልጅቱ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ካንቴሌዋን ታቅፋ የክፍሏን ሐሜት ሁሉ ትዘረግፍለታለች፤ ማን ማንን እንደነከሰ፣ የትኛዋ መምህርት ጠጉሯን እንደምትቀባ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለኡርሆ ምስጢር ያዋየው ሰው አልነበረም። ሐሙስን ከዓርብ ጀምሮ ይጠብቃታል።

ነሐሴ ላይ ሳላ ጎተራው ውስጥ ገብታ የተደረደሩትን አራት የበረዶ ጎማዎች ጎንበስ ብላ አየች። ከኪሷ ሳንቲም አውጥታ ጥርሱ መሐል ሰካች። ጥርሱ ተበልቶ ስለነበር ሳንቲሙ አልሰመጠም።

«ይኼ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው፣ አባባ?»

«ጥሩ ጎማ ነው እኮ። ዘጠኝ ዓመት አገልግሎኛል።»

«ቬንላ ስምንት ዓመቷ ነው። ልጄን በዕድሜ በሚበልጣት ጎማ ላይ አላስቀምጥም።»

«መኪናዋ በአራቱም እግሯ ነው የምትጎትተው፣ ሳላ። ፎርዊል ናት።»

«መጎተቷን ማን ጠየቀዎት? አምቡላንስ ላይ ስሠራ ከቦይ ያወጣኋቸው ሰዎች ሁሉ ፎርዊል ነበራቸው። መነሳቱ ላይ አንደኛ ነበሩ። መቆሙ ነው ያቃታቸው።» ሳንቲሟን ኪሷ ከተተች። «ውርጭ ሳይወርድ አዲስ ጎማ ካላስገቡ ሐሙስ ሐሙስ የማዘጋጃ ቤቱ ታክሲ ያመጣታል። ማመልከቻውን ሞልቼዋለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው የቀረኝ።»

ኡርሆ ሦስት ቀን አሰበ። አዲስ ጎማ ማስገባት ምንም አልነበረም፤ ከማንም በፊት ይፈልገው የነበረው እሱ ራሱ ነው። ችግሩ ክዳኑ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቱ ሁለት ነገር አለው፤ አንደኛው ሐሙስ፣ ሁለተኛው ክዳኑ። ሰው ሁለት ነገር ብቻ ሲኖረው አንዱን ልቀቅ ማለት ቀላል የሚመስለው ብዙ ላለው ሰው ነው።

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማንም እንዳያየው ዘጠና ኪሎ ሜትር ነድቶ ካያኒ ከተማ ሄደ። ጎሚስታዋ ሪትቫ የምትባል፣ ክንዷ እስከ ክርኗ የጠቆረ ሴት ናት። በመስከረም የበረዶ ጎማ የሚጠይቅ ሰው ስታይ አልገረማትም።

«ባለሚስማሩን ነው ወይስ ሚስማር የሌለውን?»

ኡርሆ ዕድሜውን ሙሉ ሚስማር የሌለውን ጎማ «የሄልሲንኪ ጫማ»፣ የከተሜ ነገር፣ እያለ ሲሰድብ የኖረ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «የትኛው ነው የሚጮኸው?»

«ሚስማሩ ነዋ። ደረቅ አስፋልት ላይ ከሩቅ ይሰማል።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው እንደ ድመት ነው የሚሄደው። ላስቲኩ ለስላሳ ነው፣ ብርድ አያደርቀውም፤ ጥርሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው፣ በረዶውን በሱ ይይዛል። እርጥብ ግግር ላይ ሚስማሩ ይበልጠዋል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ቀስ ማለት ነው። ቀስ ይላሉ?»

«ሌላ ነገር አላውቅም» አለ ኡርሆ። እውነቱን ነው።

«አራቱንም አንድ ዓይነት እንግጠም። ፎርዊል ላይ ሁለት አዲስ ሁለት አሮጌ ካደረጉ ኋላዋ ቀድሟት ይሄዳል።»

«አራቱንም። ግን…» ወደ መኪናው የሚያብረቀርቅ ቸርኬ እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚሁ ላይ ይገጠምልኝ። በበጋው ቸርኬ ላይ።»

ሪትቫ ክሪኩን እያስገባች ቀና ብላ አየችው። «ከየት ነው የመጡት?»

«ከፖልኪቫራ።»

«እህ» አለች። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ በዚህ ሳምንት ሁለተኛው የፖልኪቫራ ሰው ነዎት።» የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ግን አልነገረችውም፤ የጎማ ቤትም የራሱ የንስሐ አባትነት አለው።

ማታውኑ ለሳላ ደውሎ «ገብቷል» አላት። ሳላም አመነችው። ቄሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስማራቸውን እያስጮሁ ሲያልፉ፣ ኡርሆ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሳቀባቸው።

ጥቅምት ውስጥ በአንዱ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዝናብ ጣለ፤ መሬት ሲነካ በረዶ ሆነ። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል፤ ያን የማይታይ በረዶ ነው ሁሉም የሚፈራው። ማደያው ከቁልቁለት ሥር ነው። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ቁልቁለቱን እያዩ ነበር፤ እንዲህ ባለ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ እዚያ ብዙ ጸሎት ይደረጋል።

የኡርሆ መኪና ከላይ ብቅ አለች። በቀስታ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የበጋ ቸርኬዋ እያብረቀረቀ ወረደችና ማደያው በር ላይ፣ የእጅ ወርድ እንኳ ሳትንሸራተት፣ ቆመች። ውስጥ ሰዉ ሁሉ ተነስቶ ነበር።

«በበጋ ጎማ» አለ ታይስቶ። ታይስቶ ጡረታ የወጣ የመንገድ ጠራጊ ነው፤ ክዳኑን አሥራ አንድ ጊዜ ለጥቂት ያጣ፣ ከሁሉም ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ ሰው። «ያየሁትን አያችሁ? በበጋ ጎማ ነው ያቆማት።»

ኡርሆ ቬንላን ይዞ ገባ። የቡና ቤቷ ባለቤት ሲርካ ለልጅቱ ቦምቦሊኖ ሰጠቻት፤ ለእሱ ቡናውን ታይስቶ ራሱ ቀዳለት።

«እንዴት ነው ያደረግከው?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ኡርሆ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። «መንገዱን ማዳመጥ ነው» አለ። «እግርህ ያዳምጠዋል።»

ቬንላ ስኳር የነካው አፏን ሳትጠርግ አየችው።

ሲርካ መጥፎ ሴት አይደለችም። ግን የሰማችውን ይዛ ማደር አትችልም። ወደ ጓዳ ገብታ ለሳላ ደወለችላት፦ «አማችሽ ጉድ ናቸው፣ በበጋ ጎማ ያን ቁልቁለት ልጅቷን ይዘው ወረዱት።» ለማድነቅ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሳላ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ቢጮህ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ዝምታ አለ፤ ነርሶች ያውቁታል።

«ቁልፉን።»

«ሳላ፣ አንዴ ስሚኝ…»

«ገብቷል አሉኝ፣ አባባ። በስልክ፣ በገዛ አፍዎ። ቁልፉን ይስጡኝ። መኪናውን ነገ ይወስዷታል፤ ልጄን ግን ከእንግዲህ ታክሲው ነው የሚያመጣት።»

ኡርሆ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወንዶቹ ስኒያቸው ውስጥ አጎነበሱ። ቬንላ ካንቴሌዋን ከወንበሩ ሥር አነሳችና ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ ማስተካከል ጀመረች። እንደተነገራት ነው የምታደርገው፤ ልጆች እንዲህ ታዛዥ ሲሆኑ ማየት ያስፈራል። ኡርሆ ከራሱ በላይ የተሰቀለውን ክዳን አላየውም። ያየው ማሰሪያውን ነው።

«ነይ ውጪ» አለ። «ጎማውን እዪው።»

«ቸርኬውን ከመንገድ ነው ያየሁት።»

«ቸርኬው የበጋ ነው። ጎማው አይደለም።»



ሁሉም ወጣ። አንደኛው ሽማግሌ በሩ ላይ ተንሸራትቶ በመቀመጫው ተቀመጠ፤ ማንም ሊያነሳው አልተመለሰም። ኡርሆ ፊት ጎማው አጠገብ ጭቃና በረዶ ላይ ተንበረከከ፤ ሳላ በስልኳ አበራች። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡም የበረዶ ኮከብ ያለበትን የበረዶ ጎማ ምልክት በጣቱ አሳያት። ሳንቲሟን አወጣች። ጥርሱ ሳንቲሙን ዋጠው።

«አዲስ ነው» አለች።

«ሚስማር የለውም» አለ አንዱ ከኋላ፣ ጎማውን እየዳሰሰ። ሰው ሲሞት እንኳ በዚያ ድምፅ አይነገርም። «ኡርሆ። ይኼ እኮ የሄልሲንኪ ጫማ ነው።»

«መቼ ነው ያስገባኸው?» አለ ሌላው።

ኡርሆ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። «መስከረም ሦስት።»

አሰሉት። «ከቄሱ በፊት» አለ አንዱ፣ ራሱንም ማመን እያቃተው። ስም ያጣ ነገር ነበር፤ «አባ ቄስ» ያነሰበት የመጀመሪያው ሰው በመሆኑ ምን ብለው እንደሚጠሩት ለጊዜው ግራ ገባቸው። በኋላ «ጳጳሱ» አሉት፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሳላ መሳቅ ጀመረች። አፏን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ሳትይዝ። «እኔን የዋሹኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«አንቺንማ አልዋሸሁም። የዋሸሁት እነዚህን ነው።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ሐሙስ ሐሙስ የእርስዎ ናት። ግን ሌላ ጊዜ ጀግና ሲሆኑ ቀድመው ይደውሉልኝ።»

ወንዶቹ ሲያሽሟጥጡ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ዝም ያለ አንድ ሰው ነበር። ታይስቶ ከጎን የቆመው የራሱ መኪና የፊት ጎማ ፊት ተገትሮ፣ ሰፊ ካፖርቱን ገልጦ እንደ መጋረጃ ዘርግቶታል። ኡርሆ በካፖርቱ ጫፍ ሥር አየ፤ የሚያብረቀርቅ የበጋ ቸርኬ፣ ዙሪያውን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያለው ጥርስ። የሪትቫ የመጀመሪያው ሰው ይኸው ነው።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኡርሆ ወደ ውስጥ ተመለሰ፣ ክዳኑን ከግድግዳው አወረደ፣ ይዞ ወጣና በሁለት እጁ ለታይስቶ ሰጠው።

«ዘንድሮ የአንተ ነው» አለው። «ጥቁር ቸርኬ ያላደረገ ሌላ ሰው አልቀረም።»

ታይስቶ ተቀበለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጎማው ፊት የቆመው ክዳኑን ይዞ ነው፤ ለመጋረጃነትም ከካፖርቱ ይሻላል።

መኪናው ውስጥ ቬንላ ቀበቶዋን አሰረች። ከመንደሩ ሲወጡ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«አባባ፣ የታይስቶም ጎማ እኮ እንደ እኛው ነው።»

«አየሁት።»

«ለምን አልነገርክበትም?»

ኡርሆ መልስ ከመስጠቱ በፊት የመስቀለኛውን መንገድ ምልክት አየና እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። መዳፉ ጓንቱ ውስጥ አልቦታል፤ እንደ ሁልጊዜው። «ታይስቶ ሐሙስ ከትምህርት ቤት የሚያመጣው ልጅ የለውም» አላት። «በይ አሁን፣ ዛሬ ማን ማንን ነከሰ?»