አርባ አንድ ጊዜ ማር

ባምላኩን የሚያውቁ ሰዎች ህልመኛ ይሉታል። እኔም አልከራከራቸውም። ከማንኩሳ ወረድ ብሎ፣ ፍኖተ ሰላምን ከቡሬ የሚያገናኘው አስፋልት ከዓይን ሲሰወር፣ እናቱ እማማ ታንጉት ትተውለት ያለፉ የንብ ጓሮ አለ። ቀፎዎቹ በግራዋና በብሳና መሀል፣ ከአንዲት ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀምጠዋል። በኅዳር ጠዋት ጉሙ ከሸለቆው እያዘገመ ሲወጣ መጀመሪያ የንቦቹ ድምፅ ይሰማል፤ ዛፉ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ቆሜ፣ ከተማ ውስጥ ሥራ እንዳለኝ የረሳሁበት ቀን አለ።

ሥራዬ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ናት። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ድረ ገጽ እሠራለሁ። የሚፈልገው ሰው ብዙ አይደለም። የሚፈልገውም ቢሆን ገጹ ከተከፈተ ዓለም ሁሉ በማግስቱ ደጁ ላይ ተሰልፎ የሚያድር ይመስለዋል። ይኼ ነገር ያናድደኛል። ባምላኩም ቡሬ አጭር ሥልጠና ወስዶ የራሱን ገጽ በራሱ እጅ ከሠራ በኋላ እንዲያ ተስፋ አድርጎ ነበር።

ተስፋ ማድረጉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ጓሮው የሱና የታላቅ ወንድሙ የአስናቀው ነው። አስናቀው ከሚስቱ ከአምለሰት ጋር ባሕር ዳር ነው የሚኖረው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ነገር በቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። በጥምቀት መጥቶ፣ ዋንዛውን በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «ማሩን በርካሽ ነው የምትጥለው። ክረምት ሲገባ ይኼን አጽድተን ባሕር ዛፍ እንተክላለን» ብሎት ሄደ። ንብ ከባሕር ዛፍ አበባም ትቀስማለች፤ ይኼን ባምላኩ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ባሕር ዛፉ አድጎ እስኪያብብ ንቦቹ የት ይቆያሉ? ደግሞስ ያ ጓሮ ከተመነጠረ፣ እናቱ የነበሩበት ቦታ የቱ ነው ይባላል? እስከ ክረምት ድረስ ማሩን በደህና ዋጋ የሚወስድ፣ ከሩቅ የሚመጣ ገዥ ማግኘት ነበረበት። ከዚያ ሌላ የሚያሳስበው ነገር አልነበረውም።

«መሰረት፣ ጉግል ምነው አላየኝ አለ?» ብሎ የካቲት ላይ ቤቴ ገባ። ስልኩን ሰጠኝ። ገጹን ከፈትሁት። ከላይ «ጥቂት ማር አለ» ይላል። ሥዕል የለ፣ አገር የለ፣ መንደር የለ። ከሥር ግን «የጎጃም ማር የጎጃም ማር የጎጃም ማር» እያለ እስከ ታች ይወርዳል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልሁት።

«አርባ አንድ ነው» አለኝ ኮራ ብሎ። «ቆጥሬዋለሁ፣ አይጎድልም።»

«አርባ አንድ ለምን?»

«አይ አንች! እግዚኦታውስ ስንት ነው? ደጋግመው ካልጠሩት ማን ይሰማል?»

ሳቄ አላስቆም አለኝ። እሱ ግን የምሩን ነበር። በሰሙነ ሕማማት ከእናቱ ጎን ቆሞ፣ ሲሰግድና ሲነሳ፣ ቃሉ በመደጋገም ብዛት ልብ ውስጥ ሲገባ የሚያውቅ ሰው ነው። የሚፈልገውን ነገር ለማግኘት ሌላ መንገድ አላስተማሩትም። ስልጠናው ላይ ደግሞ «ቁልፍ ቃል ተጠቀሙ» ሲሉት፣ በራሱ ስሌት አርባ አንድ አደረገው።

«እግዜር ትዕግሥቱ ብዙ ነው» አልሁት ዓይኔን እየጠረግሁ። «ጉግል ግን ይሰለቻል። አንድን ቃል እንዲህ ስትደረድርበት ልታታልለው የመጣህ ይመስለዋል፣ ወደ ኋላ ይገፋሃል። ሰው የጠየቀውን ነገር የሚመልስ ገጽ ነው የሚፈልገው። ይልቅ ማርህ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፍ። የት እንደሆንህ ጻፍ። የጓሮህን ፎቶ አስገባ።»

ፊቱ ተለወጠ። «እሱንስ አላደርገውም።»

ነገሩ ገባኝ፤ የዚሁ አገር ልጅ ነኝና። እኛ ዘንድ ቀፎ አይቆጠርም። ማር ስንት ቆረጥህ ሲባል «ለቅምሻ ያህል ናት» ይባላል እንጂ እውነቱ አይነገርም። አባቴ የሰባ በሬውን ሰው ሲያይበት «እንዲያው ከስቶብኛል» ይል ነበር፣ በሬው ከስብ ብዛት መነሳት እያቃተው። የራስን ነገር ማሞገስ ነውርም ነው፤ ክፉ ዓይንም ይስባል። አውቀዋለሁ። ግን ተናደድሁ።

«ታዲያ ገጹን ለምን ከፈትኸው? ተደብቆ ለመነገድ?»

«የኔ ማር ጥሩ ነው ብየ ራሴ ላውራ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው መቼ አየህና ነው ምን የሚልህ!»

ሳንስማማ ተለያየን። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣና፣ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ህልም አየሁ አለኝ። በህልሙ ጓሮው በጉም ተሸፍኗል። ከአጥሩ ውጭ ብዙ ሰው ያልፋል፤ ከቡሬ በኩል፣ ከደምበጫ በኩል፣ ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ አገር። ሁሉም እየሄደ አንዳች ነገር ይጠይቃል፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። ባምላኩ «እዚህ ነኝ» ሊል አፉን ሲከፍት ድምፅ የለውም። ሰዎቹ አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ አለፉ፣ ጉሙም ዋጣቸው።

«ምን እያሉ ነበር የሚጠይቁት?» አልሁት።

«አላዳመጥኋቸውም» አለ። «እኔ ለመጣራት ስታገል።»

ከዚያ እንግዲያውስ ሂድና አዳምጥ ብዬ ሰደድሁት። የገበያ ቀን ከማር ሻጮቹ መሀል ተቀምጦ፣ ምንም ሳይሸጥ፣ የገዥውን አፍ ብቻ ሲያዳምጥ ዋለ። በሌላው ሳምንት ቡሬ ወርዶ እንደዚያው አደረገ። ማር ሻጭ ሴቶቹ «ይኼ ሰውየ ምን ነክቶት ነው?» እያሉ ሲጠቋቆሙበት ነበር አሉ። የሱ ጆሮ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሲመለስ የሰዎቹን ጥያቄ በየድምፃቸው እየለወጠ ነገረኝ። ማሩ ለምን ረጋ፣ ስኳር ገብቶበት ነው? ነጩ ነው የሚሻል ቀዩ? ሰሙን እንዴት ነው የሚያጠሩት? አንዲት አሮጊት «ማር ባረጀ ጊዜ ይከፋል ወይ?» ብለው ጠይቀው መልስ ሳያገኙ ሄደዋል። ለሳቸው አዝኗል።

«በል እኮ» አልሁት፣ ኪቦርዱ ላይ እጄን አድርጌ። «መልሳቸው።»

«እኔማ እንዴት ብየ…» አለና ቆመ። ከዚያ ዓይኑ ወደ መስኮቱ፣ ወደ መናኸሪያው አቧራ ሄደ። «እናቴ ግን» አለ።

ከዚያ በኋላ አላቋረጠም። እናቱ የረጋውን ማር ምን ያደርጉት እንደነበር፣ ጭሱን በየትኛው ቅጠል እንደሚያጨሱ፣ ንቦቹ እንዳይቆጡ ከቀፎው ፊት ሳይሆን ከኋላው እንዴት እንደሚቆሙ፣ መስከረም ላይ አደዩ ሲፈነዳ ጓሮው ምን እንደሚሸት፣ ሁሉን ተናገረ። የሥራው ባለቤት ካለፉ በኋላ ክፉ ዓይን አያርፍበትም፤ ምስጋናው ለእናቱ እንጂ ለሱ አይደለም። አንዴ ያን ካገኘ ማን ያስቁመው። እኔ እተይባለሁ፤ ድምፁ ቀስ እያለ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ረጋ እያለ ይወርዳል። ኮፒ ሊያስነሱ የመጡ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ቆመው ሲያዳምጡ አስታውሳለሁ። ተራዬ ነው ብለው የተጋፉም አልነበሩ።

አርባ አንዱን «የጎጃም ማር» አጠፋነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የየራሱን ገጽ ሰጠነው፤ ርእሱ ሰዎቹ ገበያ ላይ እንዳሉት ሆነ፣ መልሱ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይገኛል። ፎቶው የቀፎ አልሆነም፤ የእናቱ የማር ማሰሮ ነው። በገጠር ኔትወርክም ቶሎ እንዲከፈት አሳነስሁት። አገሩን መጻፍ ላይ እንደገና አመነታ። እኔም፣ «እንግዳ መንገድ ላይ ቆሞ ቢጠይቅህ ዝም ትለዋለህ?» አልሁት። «ኧረ በስመ አብ!» አለ። ስለዚህ ለእንግዳ እንደሚነገረው ጻፍነው፤ ከማንኩሳ ውረዱ፣ ወንዙን ተሻገሩ፣ ዋንዛዋን ስታዩ ጥሩን። ስልኩንም፣ ሲነኩት በቀጥታ እንዲደወል አድርጌ ከሥር አስቀመጥሁት። ቡሬ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ወዳጄ ከራሱ ገጽ ወደ ባምላኩ ገጽ የሚያደርስ መንገድ አበጀለት። የታወቀ ሰው ሲመሰክርልህ ጉግልም እንደ ሰው ነው፣ ያምናል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ይኼ ነገር ዛሬ ተዘርቶ ነገ አይታጨድም። ባምላኩ በየማታው ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ይወጣና ስልኩን እያየ ይቀመጣል። ጀምበሯ በቡሬ ወዲያ ስትጠልቅ፣ መንደሩ ከታች በጭስ ሲደበዝዝ፣ የማያውቃቸው ሰዎች በጉሙ ውስጥ ሲጠይቁ ይሰማዋል። አንዳንድ ቀን ገጹን አንድ ሰው አይቶታል፣ አንዳንድ ቀን ማንም አላየውም። የደወሉም ነበሩ፤ ጠይቀው፣ አመስግነው ዘጉ።

ሰኔ ገባ። አስናቀው በጭነት መኪና የባሕር ዛፍ ችግኝ ልኮ ከአጥሩ ሥር አስወረደ፤ ዛፍ ቆራጮቹ ዝናቡ ሲያባራ ይመጣሉ ተባለ። ላጽናናው ወረድሁ። ባምላኩ ዋንዛው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ችግኞቹን ደግሞ ውኃ አጠጥቷቸዋል። «ምን ላርግ፣ ጠምቷቸው» አለኝ። ለራሱ ጠላት ውኃ የሚያጠጣ ሰው አይቼ አላውቅም። አንጀቴን በላው። ገጽ ሠራሁልህ ብዬ በባዶ ተስፋ ያመላለስሁት መስሎ ተሰማኝ።

ስልኩ ጮኸ። «ወንድምጋሼ» ይላል። ባምላኩ የቆራጮቹን ቀን ሊነግረው መስሎት፣ እጁ ጭቃ ስለነበር ድምፁን ከፍቶ ጭኑ ላይ አኖረው።

«ባምላኩ» አለ አስናቀው። ድምፁ የወትሮው አልነበረም። «ቤት ያለው ማር ረጋብን። አምለሰት ስኳር ነው ብላ ልትደፋው ተነሳች። እኔ ደግሞ ቆይ ብየ በስልኬ ጠየቅሁ።»

«እሽ።»

«አንድ ገጽ አወጣልኝ። የማን እንደሆነ አላየሁ፣ እንዲያው ማንበብ ጀመርሁ። ገጹ፣ እናቴ የረጋ ማር ስናገኝ፣ ተኝቷል፣ ዝም በሉ፣ ሲበቃው ይነሳል፣ ትለን ነበር፤ እኛም በጣታችን ጫፍ እየረገጥን እናልፍ ነበር ይላል።» ዝናብ ዋንዛውን መምታት ጀመረ። «እኔም በጣቴ እረግጥ ነበር። ይኼን ሰውየ ላግኘው ብየ ቁጥሩን ስነካው ስምህ ወጣ።»

ባምላኩ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ባምላኩ፣ እኔ እኮ ድምጿን ረስቼው ነበር» አለ አስናቀው፤ አለቀሰም። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ በስልክ መስማት ይከብዳል። እኔም አለቀስሁ፤ ምን ያስደብቀኛል።

«ወንድምጋሼ» አለ ባምላኩ በመጨረሻ፣ «ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያስቀምጡት። እንዳይፈላ ብቻ።»

«እሽ» አለው ታላቁ፣ እንደ ልጅ። ከዚያ፣ «ችግኙን ለጎረቤት ስጥልኝ» አለና ዘጋው።