ለታመመ አይከፈልም

ልጄ ኮሌጅ የገባችው ኮሮና በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር ያለችው የመጋረጃ ሱቄ ሎክዳውኑን በስንት መከራ አልፋለች፤ ያለኝን አሟጥጬ የዓመቱን ክፍያ በአንዴ ለመክፈል በቃሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። የምታጠናው ፋርማሲ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር አምሯት አያውቅም።

የመመዝገቢያው ፎርም መጨረሻ ላይ አንዲት ሣጥን ነበረች። ልጄ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ እንግሊዝኛውን እየተረጎመች አነበበችልኝ። ትንሽ ጨምረን ኢንሹራንስ ከገዛን፣ ተማሪው ታሞ ቢያቋርጥ ወይም ከፋዩ ቢሞት የከፈልነው ይመለሳል ይላል።

«ማነው የሚሞተው?» አልኳት።

«አባዬ፣ ፎርሙ ነው እንጂ እኔ አላልኩም። ደግሞ ጊዜው መጥፎ ነው፣ ብንገዛው ይሻላል።»

ደሜ ፈላ። ደንበኛ ፊት «በአባትሽ ሞት ልትነግጂ ነው? ገና ሳትማሪ ታሟርቺብኛለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። እናቷ ከጓዳ ወጥታ «ተው እንጂ፣ ብንገዛው ምን አለበት?» ስትለኝ ጭራሽ ባሰብኝ። እድር እያለኝ የምን ኢንሹራንስ! የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ሰው ሲቸገር እንዴት እንደምንረባረብ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እስክሪብቶውን ነጠቅኳትና ሣጥኗን በሁለት መስመር ሰረዝኳት።

ሰኔ ላይ፣ የጆበርግ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት ኮሮና ያዛት። ትኩሳቱ በሳምንቱ ለቀቃት፣ ትንፋሿ ግን አልተመለሰላትም። ከአልጋዋ መታጠቢያ ቤት እስክትደርስ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ሐኪሙ ይህን ዓመት ማረፍ አለባት አለ። ኮሌጁ ጋ ብደውል፣ ኢንሹራንስ ስላልገዛችሁ ክፍያው አይመለስም፣ ስትመለስ እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ አሉኝ። ከየት አምጥቼ?

አውሬ የሆንኩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ በኦንላይን ስለነበር ስልኳን ትራስ ላይ አቆምላትና «ተኝቶ ማዳመጥ ምን ያደክማል? በይ ተነሺ!» እላታለሁ። ስታስል «ማይኩን አጥፊው» እላታለሁ። እናቷ ስታለቅስ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት» ብዬ አፏን አስይዛታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አሠቃየኋት። በፈተናው ቀን ካሜራው እንደበራ ራሷን ስታ ወደቀች፤ በስክሪኑ እየጮኸ የጠራን መምህሩ ነው። ዓመቱ በዚያው አበቃ።

ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ዮቪል፣ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ አስከሬን ስንሸኝ አብረን ከርመናል። ልጄ በሚመጣው ዓመት እንድትመለስ እድሩ እንዲደግፈኝ ለመንኩት። ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና ትክ ብሎ አየኝ።

«ወንድሜ፣ እድሩ የሚከፍለው ለሞተ ነው» አለኝ። «ለታመመ አይከፈልም የሚለውን ደንብ ያስገባኸው አንተ ራስህ ነህ። ሰው የታመመ እየመሰለ ይበላናል ብለህ ስንቱን ተሟግተህ! ልጅህ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለችልህ።»

እውነቱን ነው፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። እጄን አውጥቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር የተሟገትኩት። በታክሲ ስመለስ ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሞታ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሰጡኝ እንደነበር አሰብኩ። ማሰብም አላስፈለገኝም፤ ሒሳቡን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ በቃሌ አውቀዋለሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ብርድ ልብስ ተከናንባ ሶፋው ላይ ትጠብቀኛለች። የፋርማሲ መጻሕፍቷን አቧራ ጠርጋ ከጎኗ ደርድራቸዋለች።

«ምን አሉህ አባዬ?»

«አልሞተችም አሉኝ» አልኳት። «ብትሞቺ ይከፍሉ ነበር።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ልጄ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ትንፋሿን እስክትሰበስብ ትንሽ ቆየች።

«ይቅርታ አባዬ» አለችኝ። ከልቧ ነበር።