በሁዳዴ የጠበስሁት ዓሣ

ፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አልሰማም። ዓሣ አጠባበስ የተማርሁት ግን ከፈረንሳይ ፊልም ነው። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር አዳራሽ ገብተን የምናየው ሁሉ ታንክና ትራክተር ነበር። አንድ እሑድ፣ እንዴት እንዳመለጣቸው እንጃ፣ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሽር ጉድ ስትል የሚያሳይ ፊልም መጣ። ዓሣውን ዱቄት ላይ ታገላብጣለች፤ ቅቤው አረፋ ሲያወጣ ትጥለዋለች፤ ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ጣቷን ትልስና ለብቻዋ ትስቃለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እኛ ቤት ምግብ መሥራት ሥራ ነበር እንጂ ደስታ መሆኑን ማን ነግሮኝ።

ያን ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ጦር ሜዳ ላይ ትከሻውን ቆስሎ፣ እንዲያገግም ተብሎ ቤት መጥቶ ነበር። ቁስሉ ሲደርቅ እሱም አብሮ ደረቀ። ሽሮውን ያያል፣ ይተወዋል። አጥሚቱን ያያል፣ ይተወዋል። ዓይናችን እያየ ሊያልቅብን ነው ብዬ ፈራሁ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ የንስሐ አባታችን ግን "ሕመምተኛ ነው፣ የፈለገውን ይብላ" ብለው ፈቅደውለታል።

ሐይቁ ዳር ወርጄ ከታንኳ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ገዛሁ። ለጋ ቅቤና ሎሚም አገኘሁና ሴትዮዋ እንዳደረገችው አደረግሁ። ጣቴን መላስ ብቻ ቀረብኝ፤ ጾመኛ ነኛ። ዓሣው ቅቤው ውስጥ ቸስ ሲል፣ ይቅር ይበለኝና፣ ጭንቀቴ ሁሉ ለአፍታ ጠፋ።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ወንድሜ ቀና አለ። ሳህኑን አቀረብሁለት፤ አየው፣ አየውና መልሶ ገፋው።

"ብቻዬን አልበላም" አለ። "እዚያ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ነበር የምበላው። እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም።"

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ። እናቴ ማዶ ተቀምጣ ትሰማለች። የቄስ ልጅ ናት፤ እኛን አርግዛ እንኳ ሁዳዴን ገድፋ አታውቅም። ተነሣች፣ እጇን ታጠበች፣ አማተበች፤ ቅቤ ከጠጣው ዓሣ ቆርሳ ጎረሰች። ሁለተኛውን አጎረሰችው። በላ። ሳህኑን በእንጀራ እስኪጠርጉት ድረስ አብረው በሉ። እኔ ምድጃው አጠገብ ቆሜ በደስታ አለቀስሁ።

እስከ ፋሲካ ጠበስሁለት፤ እሷም አብራው በላች። ጉንጩ ሞላ፤ ከእኔ ጋር መቀላለድ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን "እሰይ፣ ደህና አድርጋችሁ ያዛችሁት" አሉን። ፋሲካ እንዳለፈ ለምርመራ ተጠራ። አገላብጠው አዩትና "ድኗል፣ ወደ ግንባር ይመለስ" አሉ። መርዶው የመጣው በክረምት ነው።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እናቴ ለንስሐ አባታችን የዚያን ሁዳዴ ነገር ተናዘዘች። ስግደት አዘዙላት።

"እሰግዳለሁ፣ አባቴ" አለች። "በመብላቴስ አልጸጸትም። ልጄን አብልቼ ማዳኔ ነው የሚያንገበግበኝ። ለእሱስ ምን ያዝዙልኛል?"